በር ላይ የድመት መውጫ መሥራት፦ ብርዱም ሸለምጥማጡም ሳይገባ

ድመት በር ሥር ተቀምጣ ስትጮህ ያለው ምርጫ ሦስት ነው። ተነስቶ መክፈት፣ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው፣ ወይም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መተኛት። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለተኛውን እርሱት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሜዳው ውርጭ ለብሶ በሚያድርበት በኅዳር ሌሊት በሩን ከፍቶ የሚተኛ ሰው የለም። ሦስተኛው ደግሞ ገብሱን ለአይጥ አሳልፎ መስጠት ነው።

አራተኛ መንገድ አለ። በሩ ላይ ለድመቷ ልክ የሆነ ትንሽ መውጫ ማውጣት። ከላይ የተንጠለጠለ ክዳን ይኖረዋል፤ ድመቷ በግንባሯ ገፍታው ታልፋለች፤ እሱም ራሱ ተመልሶ ይዘጋል። ውጭ አገር ተሠርቶ፣ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። እኛ ጋ ግን አናጺ ወይም በያጅ ከያዛችሁ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። እጃችሁ ከመጋዝና ከመሰርሰሪያ ጋር ከተዋወቀ ደግሞ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

አንድ ሽማግሌ አናጺ ዘንድ ሄጄ "ጋሼ፣ በር ላይ ለድመት የሚሆን ቀዳዳ ያውጡልኝ" ብላቸው ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ቀዳዳ ድፈንልኝ ሊል ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀዳዳ ማውጣት ቀላል ነው። ጣጣው መልሶ መዝጋቱ ላይ ነው። ንፋሱን፣ የጎረቤት ድመቱን፣ ዶሮ ፈላጊውን ሸለምጥማጥና የሌባን እጅ የማያስገባ መዝጊያ ከሌለው ባይሠራ ይሻላል። ስለዚህ ከመቁረጡ ይልቅ ስለ መዝጋቱ ብዙ እናወራለን።

የትኛው በር?

መጀመሪያ ድመቷን ለምን እንደያዛችኋት አስቡ። ለአይጥ ከሆነ መውጫው እህሉ ያለበት ክፍል በር ላይ ይሁን። ጎታው ወይም ጆንያው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከሆነ ሳሎን በር ላይ ቀዳዳ ማውጣት ትርጉም የለውም። ቤት ውስጥ ለምታድር ድመት የጓሮ በር ይመረጣል። የፊት ለፊት በር የእንግዳና የመንገድ በር ነው፤ ከውጭ የሚታይ ቀዳዳ ለሌባም ሐሳብ ይሰጣል።

ሥጋ የሚቀመጥበት ማድ ቤት በር ላይ ግን እንዳታስቡት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲባል የተባለው በከንቱ አይደለም። ዶሮዎች የሚያድሩበት ክፍልም እንደዚያው። ድመቷ ትልልቆቹን ባትነካ እንኳ ጫጩት አለ፤ ደግሞም ድመት ባለፈችበት ሸለምጥማጥ ያልፋል።

ተካፋች በር ከሆነ፣ ማለትም ሁለት ክንፍ ካለው፣ ከታች መሬት ውስጥ የሚገባው መቀርቀሪያ የትኛው ክንፍ ላይ እንዳለ እዩ። መውጫው ከዚያ መቀርቀሪያ በተቻለ መጠን ይራቅ። አንድ ክንፍ ብቻ ያለው በር ላይ ደግሞ ከቁልፉ ጎን ሳይሆን ከማጠፊያው ጎን ይሁን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰው ክንድ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ሽቦ ሲጨመርበት ይረዝማል። ይህን መውጫ ካሠራችሁ በኋላ ቁልፍ በር ላይ ሰክቶ መተኛት ይቀራል።

መስታወት በር አይነካም። ጠንካራው ዓይነት መስታወት ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፤ ሲነካ እንዳለ ይበተናል።

ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ሳታስፈቅዱ መጋዝ እንዳታነሱ። ባይፈቅዱ የመስኮት መንገድ አለ። ዝቅ ካለ መስኮት አንዱን መስታወት በጥንቃቄ አውጡና አስቀምጡ። በቦታው በልኩ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨቶች ተጣብቀው የሚሠራ ጣውላ) ግጠሙ፤ መውጫውን እዚያ ላይ ሥሩ። ስትለቁ መስታወቱን መመለስ ነው። ድመት መስኮት ላይ መውጣት አይከብዳትም፤ ከውጭም ከውስጥም የምታርፍበት ጣውላ ካገኘች ይበቃታል። የመስኮቱ ፍርግርግ ግን ለትከሻዋ የሚበቃ ክፍተት እንዳለው አስቀድማችሁ ለኩ።

የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ከበሩ ይልቅ ግድግዳው ይቀላል። በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል ማገሩን ብቻ ቆርጣችሁ ከጣውላ የተሠራ ሳጥን ታስገባላችሁ፤ ዙሪያውን ጭድ ባለው ጭቃ ትመርጋላችሁ። ቋሚውን እንዳትነኩ። የመንዝን የድንጋይ ግድግዳ ግን ተዉት። አንድ ድንጋይ ሲወጣ ከላይ ያለው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

ልኩን በካርቶን ፈልጉ

አዋቂ ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ትመዝናለች። ለእንዲህ ያለችው ወርዱ 16፣ ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይበቃል። ትልቅ ወንድ ድመት ካላችሁ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ከዚያ በላይ አታስፉት። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ብርዱም ይጨምራል፣ ሊገባ የሚችለው እንስሳም ይበዛል።

ድመት ቆማ አትለካም፤ ስለዚህ በሜትር ከመታገል በካርቶን ሞክሩ። ትልቅ ካርቶን ላይ 16 በ18 ቀዳዳ አውጡ። ካርቶኑን በበሩ መሐል አቁማችሁ ከወዲያ በኩል የምትወደውን ነገር አስቀምጡ። ትከሻዋ ሳይፋተግ፣ ሆዷም ታችኛውን ጠርዝ ሳይነካ ካለፈች ልኩ ተገኘ። ከተጨነቀች በአንድ ሳንቲ ሜትር አስፉ። እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ጠብቁ፤ አሁን የምትለኩት ሆድ የሷ ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ ከፍታው። የቀዳዳው ታችኛ ጠርዝ ከወለሉ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ድመቷ እግሯን ትንሽ አንስታ ትሻገራለች እንጂ አትዘልም፤ አትሳብምም። ይህ ከፍታ ሌላም ጥቅም አለው። ክረምት ላይ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ነክቶ ሲረጭ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። ልኬታው ከውስጥ ወለል ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ብዙ ቤት ላይ ውጭው ከደፉ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ይላል። ከውጭ ሲለካ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከመጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡላት።

የሚያስፈልገው

ክዳኑ ብርሃን አሳላፊ ቢሆን ይመረጣል። ድመት ወዲያ ያለውን ሳታይ ጭንቅላቷን ወደ ጨለማ አትሰድም። ማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ ሚካ የሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ አለ፤ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቁራጭ ጠይቁ። ለእነሱ ትርፍራፊ ነው፣ ለእናንተ ግን ሙሉ ክዳን ይወጣዋል። እሱ ካልተገኘ የጀሪካን ጎን ይሠራል፤ መጉበጡ ግን ያስቸግራል።

ለዘንግ የብስክሌት ጎማ ሽቦ አንድ። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ። ሁለት ዶቃ። ለመቃኑ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 4 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የተላገ እንጨት። የቁም ሳጥን በር የሚይዘው ዓይነት ትንሽ ማግኔት። ከዳዶና (ብሎኑ ላይ ከሚጠብቀው ፍሬ) ከሮንዴላ (ከሥሩ ከሚገባው ክብ ብረት) ጋር ብሎኖች። ቀጭን ሽቦ፣ ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ፀረ ዝገት ቀለም። ያረጀ ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ፣ ቤት ውስጥ ካለ እሱንም ፈልጉት፤ ወደ በኋላ ላይ ይፈለጋል።

መቁረጥ

መቁረጡን በበጋ አድርጉት። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ ቀለምም አይደርቅም። የሚቻል ከሆነ በሩን ከማጠፊያው አውርዳችሁ ሁለት ዱካ ላይ አጋድሙት። ቆሞ ያለ በር ሲቆረጥ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩም ይጣመማል።

ድፍን የጣውላ በር ከሆነ፦ ካርቶኑን ለጥፋችሁ በእርሳስ አስምሩ። ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ ታችኛው መስመር አግድም መሆኑን አረጋግጡ። አራቱ ማዕዘኖች ላይ፣ ከመስመሩ በውስጥ በኩል፣ በ10 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ብሱ። ጂግሶ የሚባለው የኤሌክትሪክ መጋዝ ካለ ከአንዱ ብስ ወደ ሌላው መሄድ ነው። መብራት ከጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ቀጭን የእጅ መጋዝ ያንኑ ይሠራል። ጠርዙን በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ስንጣሪ ከቀረ ድመቷ አንዴ ከተወጋች ወደዚያ በር አትመለስም።

በኮምፔንሳቶ የተለበጠ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ በር ሲያንኳኩት ይታወቃል። ይህ ሲቆረጥ ሁለት ስስ ገጽና መሐሉ ላይ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ ውስጥ በልኩ የተቆረጡ አራት እንጨቶች በኮላ አስገቡ፤ ያለዚያ ብሎኑ የሚይዘው ነገር አያገኝም፣ በሩም ይሰባበራል።

ከተማው ውስጥ የሚበዛው ግን የላሜራ በር ነው። ከላይ መስታወት፣ ከታች ላሜራ፣ ዙሪያው ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት)። መቆረጥ ያለበት ላሜራው ብቻ ነው። በሩን አንድ ላይ የያዘው ቱቦላሬው ስለሆነ አይነካም። ግራይንደር ከያዛችሁ ስሱን የመቁረጫ ዲስክ ግጠሙና መነጽር አድርጉ። ፍንጣሪው መስታወት ላይ ሲያርፍ ነጠብጣብ ሠርቶ ይበላዋልና የላይኛውን መስታወት በካርቶን ሸፍኑ። መጋረጃና ፍራሽ አርቁ፤ ጭድ ካለም እንዲሁ። ክቡ ዲስክ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ከመስመሩ አልፎ ይቆርጣል። ስለዚህ ማዕዘኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲቀረው አቁሙና ቀሪውን በብረት መጋዝ ጨርሱ።

ላሜራው በሁለት ወገን ከሆነ ረጅም ፑንታ ያስፈልጋል። ከአንድ ወገን አራቱን ማዕዘን ወዲያኛው ድረስ ብሱ፤ ከዚያ በየወገኑ ብሶቹን በመስመር አገናኙ። እንዲህ ካልተደረገ ሁለቱ ቀዳዳዎች አይገጥሙም።

የተቆረጠ ላሜራ ምላጭ ነው። ሞርዱት፣ ፀረ ዝገት ቀቡት፣ ከዚያ ቀጭን የውሃ ጎማ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ጠርዙን አልብሱት። የምትጥሉት የአትክልት ጎማ ለዚህ ከምንም ይበልጣል።

መቃኑና ክዳኑ

አሁን በሩ ላይ ጥሬ ቀዳዳ አለ። ከእንጨቱ ሁለት አራት ማዕዘን መቃን ሥሩ፤ አንዱ ለውጭ፣ አንዱ ለውስጥ። የውስጥ ልካቸው ከቀዳዳው ጋር እኩል ይሁን። በሩን መሐል አድርጋችሁ በብሎን እሰሯቸው። የብሎኑ ክብ ራስ በውጭ፣ ዳዶው በውስጥ በኩል ይሁን። ተቃራኒው ከሆነ ከውጭ የመጣ ሰው በመፍቻ ይፈታዋል።

ክዳኑ ከቀዳዳው በወርድ 6 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ ማለትም በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር። ከታችም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። ሚካ በመጋዝ ከመቁረጥ ይልቅ በካተር ደጋግሞ መስመር አበጅቶ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ መስበር ንጹሕ ይወጣል። ሲበሳ ደግሞ ከሥሩ እንጨት ይደረግና ቀስ ተብሎ ነው፤ የተቸኮለበት ሚካ ይሰነጠቃል። ላይኛው ጠርዝ አጠገብ ሦስት ትንንሽ ብሶች አውጡ። የእስክሪብቶውን ቀፎ በክዳኑ ወርድ ልክ ቁረጡና (ካጠረ ከሌላ ቀፎ ቀጥሉበትና) በላይኛው ጠርዝ ላይ አጋድማችሁ በኮላ ያዙት። ከዚያ በሦስቱ ብሶች በኩል በቀጭን ሽቦ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩት። የሽቦው ጫፍ ታጥፎ ይቀበር፤ ጀርባዋን እንዳይቧጭራት።

የብስክሌቱን ሽቦ በቀፎው ውስጥ አሳልፋችሁ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ዶቃ አግቡ። የሽቦው ሁለት ጫፎች በውስጠኛው መቃን ጎኖች ውስጥ፣ ከላይኛው እንጨት አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ይገባሉ። ዶቃው ክዳኑ ወደ አንድ ጎን ሄዶ እንዳይፋተግ ይጠብቀዋል። አሁን በጣት ግፉት። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳይነካካ ከተወዛወዘና መሐል ላይ ከቆመ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ለእህል ቤት ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም። ከጭነት መኪና የውስጥ ጎማ በቀዳዳው ልክ ቁረጡና ከላይ ብቻ በጣውላ ቁራጭና በብሎን ያዙት። አያምርም፤ ግን ይሠራል።

ንፋሱ

የደብረ ብርሃንን ንፋስ የሚያውቅ ሰው 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሌሊቱን ሙሉ ክዳኑ ቋ ቋ ሲል ማደር አለ፤ በክፍተቱ የሚገባው ብርድ አለ። ሁለቱ በሁለት መንገድ ይፈታሉ።

ማንኳኳቱን ማግኔት ያቆመዋል። ማግኔቱን በታችኛው መቃን መሐል፣ ክዳኑ ቆሞ በሚያርፍበት ቦታ ቅበሩ። ክዳኑ ግርጌ ላይ ደግሞ ትንሽ ስስ ብረት ለጥፉ። የማግኔቱን ጉልበት በአንድ ጣት ፈትኑት። በአንድ ጣት ገፋ አድርጋችሁ ካልተላቀቀ ለድመትም ይከብዳታል፤ ማግኔቱን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጉት።

ለብርዱ ያ ያረጀ ባና ይምጣ። ከእሱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ቀጫጭን ጨርቆች ቁረጡና በመቃኑ ሁለት ጎኖች ላይ፣ ከክዳኑ ጠርዝ ጋር ለስለስ ብለው እንዲነካኩ አድርጋችሁ በኮላ ለጥፉ። የበግ ጠጉር ስለሆነ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፤ ክዳኑን ግን አይይዘውም። ብርድ ልብስ ቁራጭም ይሆናል፤ እንደ ባናው ግን አይቆይም። የውጨኛው መቃን ላይኛ እንጨት ላይ ደግሞ ሌላ የባና መጋረጃ በቀዳዳው ልክ አንጠልጥሉ። በመጋረጃውና በክዳኑ መካከል የሚቀረው አየር ራሱ ብርድ ይከላከላል። መጋረጃው ድመቷ ክዳኑን ከለመደች በኋላ ይሁን፤ ገና ሳትለምድ ሁለት እንቅፋት አይደረግባትም።

የማታ መዝጊያ

ፋብሪካ የሚሠራቸው ክዳኖች አራት ዓይነት መዝጊያ አላቸው፤ መግባትም መውጣትም፣ መግባት ብቻ፣ መውጣት ብቻ፣ ሙሉ ዝግ። በድመቷ ትከሻዎች መካከል ከቆዳዋ ሥር በተቀበረ ትንሽ ቺፕ ድመቷን ራሷን ለይቶ የሚከፈት፣ በባትሪ የሚሠራም አለ። እኛ አራቱን በሁለት የእንጨት ካስማ እንሠራቸዋለን።

ታችኛው መቃን ላይ፣ ወደ አንዱ ማዕዘን ጠጋ ብሎ፣ ሁለት ብሶች አውጡ። አንዱ ከክዳኑ በውጭ በኩል፣ አንዱ በውስጥ በኩል፣ ሁለቱም ክዳኑን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው። በልካቸው ሁለት ካስማ ጥረቡ፤ ሲገቡ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይታዩ፣ ራሳቸውም ክብ ይሁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካስማው በውጭ በኩል ብቻ ሲሰካ ክዳኑ ወደ ውጭ መወዛወዝ አይችልም። ስለዚህ ድመቷ ከውጭ ትገባለች እንጂ አትወጣም። በውስጥ በኩል ብቻ ሲሰካ ትወጣለች፣ ግን አትገባም። ሁለቱም ሲሰኩ ዝግ ነው። ሁለቱም ሲነቀሉ ክፍት። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን የውጭውን ሰክታችሁ ትተዋላችሁ። ገብታ ምድጃ ሥር ስታዩዋት ሁለተኛውን ጨምሩ።

ይህ ግን ድመትን ነው የሚያቆመው። በጉልበት የሚገፋ እንስሳ ሚካውን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ተንሸራታች ላሜራ ጨምሩ። በመቃኑ ግራና ቀኝ ሁለት ቦይ ያላቸው እንጨቶች በቁመት ይመታሉ፤ 20 በ22 ሳንቲ ሜትር የሆነ የላሜራ ቁራጭ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተትባቸዋል። መጨረሻው ላይ ላሜራውንና እንጨቱን አንድ ላይ በስታችሁ ምስማር አስገቡበት፤ አለበለዚያ ከውጭ በሽቦ ወደ ላይ ይነሳል። ቤት ዘግታችሁ ስትሄዱም የምትዘጉት ይህንን ነው። ጅብን በተመለከተ ሐሳብ አይግባችሁ፤ በ16 ሳንቲ ሜትር ጅብ አያልፍም። የሚያሰጋው ቀጭኑ ሸለምጥማጥ ነው። እሱ ጭንቅላቱ ካለፈ ሰውነቱ አይቸግረውም።

ማታ መዝጋቱ ለድመቷም ይጠቅማታል። ጎረቤት ያስቀመጠውን መርዝ የበላ አይጥ አድና የምትሞት ድመት አለች። በመንዝ ጓሳ ዙሪያ የምትኖሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አላችሁ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥ እያደነ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከቤት እንስሳ ወደ እሱ ሲዛመት መንጋውን ይጨርሳል። ውሻውንም ድመቷንም ማስከተብ፣ ሌሊት ቤት ማሳደር ለሁሉም ይበጃል። ሴት ድመት መውጫ ካገኘች ደግሞ ግልገሎቹ እንደሚከተሉ አትዘንጉ፤ የእንስሳት ሐኪሙን ስለ ማምከንም አማክሩት።

ቆላ የወረዳችሁ፣ ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ ያላችሁ፣ የባናውን ነገር ዝለሉት። እናንተ ጋ ጉዳዩ ትንኝና እባብ ነው። ክዳኑ ከታች የሚተወው ክፍተት ከ4 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ላሜራውን ከመምሸቱ በፊት ዝጉ። መውጫውን ጥላ ያለበት በር ላይ አድርጉት።

ድመቷን ማስለመድ

መሥራቱ አልቆ ድመቷ ዝር አትልም ይሆናል። የተለመደ ነው። አንስቶ ገፍቶ ማስገባት ግን ነገሩን ያበላሻል፤ አንዴ ከፈራች ክዳኑን እንደ ወጥመድ ታየዋለች።

መጀመሪያ ክዳኑን ወደ ላይ በክር አስራችሁ ባዶ ቀዳዳ አድርጉት። እንደ ልቧ ስትወጣ ስትገባ ትሰንብት። ቀጥሎ ክዳኑን ግማሽ ድረስ አውርዱት፤ ጀርባዋ እንዲነካው። ከዚያ ሊዘጋ ሁለት ጣት ሲቀረው። መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። በየደረጃው ከወዲያ በኩል ሆናችሁ ጥሯት፣ የምትወደውንም አስቀምጡላት። አንዳንዷ በሁለት ቀን ትለምዳለች፣ አንዳንዷ ሳምንታት ትፈልጋለች። ማግኔቱን የምትገጥሙት ከለመደች በኋላ ነው።

መሸለሚያው ቅመም የሌለው ሥጋ ቁራጭ ወይም ትንሽ ሳርዲን ይሁን። ቋንጣ ጨውና በርበሬ አለበት፣ ይቅርባት። ወተትም ብዙ አዋቂ ድመት ሆድ ያውካል። ይህን ሥልጠና ሁዳዴ ላይ እንዳትጀምሩት። 55 ቀን ሥጋ በማይገባበት ቤት ድመትን በሽሮ ማባበል አይቻልም።

በመዳፏ ክዳኑን ወደ ራሷ ስትስብ ካያችሁ መግፋት አልገባትም ማለት ነው። ከወዲያ በኩል ክዳኑን በጣት ወዝወዝ አድርጉት፤ ወደ ውጭ እንደሚሄድ ስታይ በግንባሯ መሞከር ትጀምራለች። ዘንጉ ላይ ዘይት ወይም ጋዝ አታድርጉ፤ ሽታው ያርቃታል። ቢጮህ የሻማ ሰም ይበቃዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጥገና ጥቂት ነው። ጠጉርና ጭቃ ማግኔቱ ላይ ሲጠራቀም ክዳኑ አይገጥምም፤ በጨርቅ ይጠረጋል። ባናው ሲሳሳ ይቀየራል። ሐምሌ ላይ የእንጨት በር አብጦ ክዳኑ መፋተግ ከጀመረ በሩን ሳይሆን የክዳኑን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያላችሁ ጥረጉት፤ በጋ ሲመጣ ክፍተቱ ቢሰፋ ክዳን በሌላ ይቀየራል፣ በር ግን አይቀየርም።